የላይኛው ጎን ወይራዎች

ሻርጃ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለናጅዋ ኡበይደላ፣ መርሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ ደጃችሁን በሰላም ያቁመው፤ ጓዳችሁን በበረከት ይሙላው። እኔ አልሐምዱሊላህ ነኝ። ከዓይኔ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም ቢሆን አይፈረድበትም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሰው ሙሽራ ፊት ላይ ሳፈጥ ውዬ የማድር ሰው ነኝ። ብጉር አጠፋለሁ፣ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ የአማቱን ሆድ ቀንስልኝ ይለኛል፤ እቀንሳለሁ።

ዳታ ከተቋረጠባችሁ ወዲህ ፎቶ በስልክ መላላክ ቀርቷል። ድምፃችሁም አንድ ቀን ይሰማል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንጻጻፍ። ይህንን የምታደርስልሽ የውርጌሳዋ ሁሪያ ናት፤ እዚሁ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ለዕረፍት መግባቷ ነው። ስትመለስ መልስሽን ታምጣልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የላክሁልሽን ካሜራ ለጉርድ ፎቶና ለሠርግ ብቻ አታውያት። የሼህ ዓሪፍን መቃብር የከበበውን ደን አንሺልኝ። እዚህ ያለን የሐብሩ ልጆች ለ2017 ካሌንደር ልናሳትም ነው፤ የደኑን ዙሪያ ለማሳጠርም ተነጋግረናል። ከሁሉም በላይ የላይኛውን ጎን እፈልጋለሁ። አያትሽ ዐስር ሰግደው ይቀመጡበት የነበረ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ቆመሽ ቁልቁል አንሺ። እኔና አባትሽ ልጆች ሳለን ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆነን ወይራዎቹን ለየብቻ ስም አውጥተንላቸው ነበር። አባትሽ ስሞቹን እስካሁን ያውቋቸዋል።

ደን ማንሳት ሰው ከማንሳት ይከብዳል። ሰው ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አታንሺ፤ ጥላው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ቅጠሉም እንደ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ሰማዩ ደመና ሲለብስ ውጪ። ሁሉንም ዛፍ በአንድ ፎቶ ላስገባ አትበይ፤ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ዛፍ ምረጪና ሌላው ይከተለው። ከመጫንሽ በፊት አራቱንም ጠርዝ እዪ። ስታስተካክዪ አረንጓዴውን አትጎትቺው፤ የወይራ ቅጠል አመድ የነካው አረንጓዴ ነው፣ እንደ ሰላጣ ካደረግሽው አባትሽ ይስቁብሻል። ደግሞም ዋናውን ፋይል እንዳትነኪ፤ የምትሠሪው ቅጂው ላይ ነው።

ወንድሜን እጅ ነሥቼልዎታለሁ በይልኝ። አያትሽ ሲሞቱ ሽማግሌው ሁሉ ተሰብስቦ ደኑን ለአባትሽ አደራ ሲሰጥ እዚያው ነበርሁ። ከዚያ ደን አንዲት ዛፍ ብትጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ይህንን ሳስብ ባሕር ማዶ ሆኜም እንቅልፌን ደህና እተኛለሁ።

አጎትሽ ሚስባህ


መርሳ፣ ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሚስባህ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የጻፉት ወረቀት በእጄ ሲገባ ቤታችን ሰው የመጣ ያህል ሆነ። ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባ ሰላም ብለዋል፤ ደህና ናቸው።

እኔ አሁንም ወልድያ እየሩሳሌም ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ እመላለሳለሁ፤ ሲዘጋ ደግሞ እዚያው የፎቶ ቤቱ ባለቤት እየሩሳሌም ጋ አድራለሁ። እሷ ደን ላነሳ ነው ስላት ሳቀችብኝ። "ዛፍ ገንዘብ ይከፍላል?" አለችኝ። ኮምፒውተሯን ግን ከሥራ በኋላ ፈቅዳልኛለች፤ አላህ ይስጣት።

የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ሁሉ ተበላሸ። አንቱ አታድርጊ ያሉኝን አንድ በአንድ አደረግሁ፤ እኩለ ቀን ወጣሁ፣ ሁሉንም ላስገባ አልሁ። ቤት ገብቼ ሳየው እዚያ ቆሜ ያየሁት ደን አይደለም፣ የቅጠል ክምር ነው። ሁለተኛው ቀን መቃብሩ አጠገብ ካሉት ሁለት ሾላዎች አንዱን ብቻ መርጬ ሥሩ ተቀመጥሁ። ሳላነሳ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ደኑ ውስጥ ብርሃን ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከግንድ ግንድ እየተመላለሰ ነው የሚደርሰው። ከዚያ በኋላ ያነሳኋቸው አላሳፈሩኝም።

ላይኛውም ጎን ወጥቻለሁ። አባባ "ላይኛውን ተይው፣ መንገዱ ተበላሽቷል" ብለውኝ ነበር፤ አንቱ ስላዘዙኝ ግን ወጣሁ። ድንጋዩ እንዳለ ነው። ጭጋግ ነበር። ያነሳሁትን እየሩሳሌም ቤት አስተካክዬ በፍላሹ ላይ አድርጌልዎታለሁ፤ ጠቅላላው አሥራ አራት ነው።

ደኑ ደህና ነው። ሌላም የምጽፈው ነበረኝ፤ ወረቀቱ አለቀ።

ልጅዎ ናጅዋ


ሻርጃ፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለናጅዋ፣ የዓይኔ ምትክ ለሆንሽው

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አላህ እጅሽን ይባርከው፣ ከክፉ ዓይንም ይጠብቀው። ሁሪያ ደሴ ላይ መንገድ ተዘግቶባት ወር ከሳምንት ከርማ ገና አሁን ደረሰች። ፍላሹን ጡቷ ሥር ይዛው ነበር፤ የዚህ አገር ሴት ወርቅ እንኳ እንዲህ አትይዝም።

ከሾላው እንጀምር። ሾላው ፎቶ ነው። ከግንዱ ሥር ያለችውን ያቺን ትንሽ ብርሃን ትተሻታል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ደምቃ ትውጣ ብሎ ይነካካት ነበር። ሰባተኛው ጠርዙ ላይ የሰው ነጠላ ገብቷል፣ ጠርዝ እዪ ብዬሽ ነበር። ዘጠነኛውና አሥረኛው አንድ ናቸው፤ ከሁለት አንዱን መተው ልመጂ። የሚያሳዝነው እሱ ነው፤ ግን መተው ያልቻለ ሰው ፎቶ አንሺ አይሆንም።

የላይኛውን ጎን ፎቶ ሦስት ቀን አየሁት። ማታ ከሥራ ገብቼ አየዋለሁ፣ ጧት ሳልወጣ አየዋለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ "ጋሼ፣ ዛፍ ነው እኮ" አለኝ። ወይራዎቹ ከድንጋዩ ሥር እስከ ገደሉ ድረስ ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል። ልጅ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ጥቅጥቅ ያሉ አይመስለኝም ነበር። ሰው ከራቀ ያስረሳው ይሆናል።

የዚህን የአንዱን ዋናውን ፋይል ላኪልኝ። ለማተም እሱ ይሻላል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወንድሜ ለምን በአንዱም ፎቶ ውስጥ የሉም? ከአሥራ አራቱ ባንዱ እንኳ ከዛፍ ሥር ቆመው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ደግሞ ወረቀቱ አለቀ ብለሽ ግማሽ ገጽ ባዶ ትተሽልኛል። እኔ የወረቀት ጠርዝም አያለሁ።

ረመዳን እየመጣ ነው፤ በዱዓችሁ አትርሱኝ። በሚቀጥለው ዓመት ኢንሻአላህ እኔም እመጣለሁ።

ሚስባህ


መርሳ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሚስባህ

እንኳን ለዒድ አደረሰዎ፤ ጾሙንም ዱዓውንም አላህ ይቀበልዎ።

ዋናው ፋይል የለም። ያለኝ ሜሞሪ አንድ ብቻ ነው፤ ውርጌሳ ሠርግ ተይዞብኝ ነበርና ደምስሼ ሠርጉን ቀረጽሁበት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቱማ አስቀድመው ነግረውኛል። ሙሽራዋ ካሜራ ፊት ስታለቅስ ነበር የዋለችው፤ እሱም ፎቶ ለምንም አልሆነም።

ለካሌንደሩ የላይኛው ጎን ባይሆን ይሻል ነበር። ትኩረቱ ሳስቷል፤ ሲታተም ይታወቅበታል። ሾላው ይበቃል። እባክዎ ሾላውን ያድርጉት።

አባባ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል። በ2015 ክረምት ሁለት ወር ያህል አልጋ ላይ ነበሩ፤ እንዳላሳስብዎ ብለው ከልክለውኝ ነው ያልጻፍሁልዎ። አሁን በምርኩዝ እስከ መቃብሩ ይደርሳሉ። ፎቶ ውስጥ ያልገቡት ለዚህ ነው።

ናጅዋ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለናጅዋ

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ለወንድሜም ጉልበታቸውን ይመልስላቸው። እኔ ስለ ጉልበታቸው ከሁሉ ኋላ መስማቴ አስከፍቶኛል። ግን ማን ነኝና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የራቀ ሰው።

ካሌንደሩ ታተመ። አርባ ቅጂ ለአገር ቤት በካርቶን አድርጌ ልኬያለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ፣ ለመስጊዱ፣ መርሳ ላሉት ሱቆች አከፋፍዪ። የላይኛውን ጎን ጥቅምት ላይ አደረግሁት። ትኩረቱ አልሳሳም። ከሥሩም "ፎቶ፦ ናጅዋ ኡበይደላ፣ ኅዳር 2016" ብዬ አስጽፌበታለሁ፤ ሰው ስሙን ከሥራው ሥር ማየት አለበት። እኔ ስንት ሺህ ፊት አጽድቼ ስሜ የትም የለም።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። የዚህ የሐብሩ ልጆች ማኅበር ሰዎች ፎቶውን አይተው "ደኑማ ከኛም ይሻላል፣ አጥር ምን ያደርግለታል" ብለው የአጥሩን ነገር ለሌላ ዓመት አስተላለፉት። ተከራከርሁ፤ ድምፅ አነሰኝ።

ሚስባህ


መርሳ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሚስባህ

አላህ ትዕግሥቱን ይስጥዎ፤ ይህንን ደብዳቤ ሲያነቡ ያስፈልግዎታል። ስድስት ወር ሙሉ ያልጻፍሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ አልነበረም።

ያኔ ወረቀቱ አለቀ ብዬ የተውሁትን አሁን እጽፈዋለሁ። ኅዳር ላይ ድንጋዩ ላይ ስወጣ ጭጋጉ ገፈፍ ሲል ያየሁት ወይራ አልነበረም። ጉቶ ነው ያየሁት። ሃያ ሦስት ጉቶ ቆጠርሁ፤ ከመሀላቸው ከሰል የተከሰለበት ጥቁር አፈር አለ። አባባ ላይኛውን ተይው ያሉኝ ለዚህ ነው። ለአንቱ ብልክ ምን እንደሚሉ አሰብሁ። ወንድምዎን አንቱ እንደ አደራ በላ እንዲያዩዋቸው አልፈለግሁም፤ የማኅበሩም ሰዎች እንዲሁ። እየሩሳሌም ቤት ተቀመጥሁና የሙሽራ ጠባሳ በማጠፋበት መሣሪያ ከቆሙት ወይራዎች እየቀዳሁ ጉቶው ላይ ለጠፍሁ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛፎቹ የተቆረጡት በ2015 ነሐሴ፣ አባባ አልጋ ላይ ሳሉ ነው። መጥረቢያውን ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ተደግፈው ቆመው ጭነት የያዘ አይሱዙ ወደ ሐራ ሲወርድ አይተዋል፤ የከሰል ነጋዴው የጁነይድ መኪና ነው። ሌላ ምስክር ግን የለም። ጁነይድ ደግሞ በቀጣዩ ወር ወደ ሰመራ ሄዶ እዚያው ከረመ። ሰው በሌለበት አይከሰስም ብለው አባባ ለማንም ሳይናገሩ እሱን ሲጠብቁ ቆዩ፤ ለኔም እንኳ አልነገሩኝም። ወደ ላይኛው ጎን ከጠባቂው በቀር የሚወጣ ስለሌለ ያወቀ አልነበረም።

ጁነይድ ታኅሣሥ ላይ ተመለሰ። አባባ በምርኩዛቸው ሄደው ለአስታራቂዎቹ ሽማግሌዎች ለአበጋሮቹ አመለከቱ። ጥር 17 ቀን ሾላው ሥር ተቀመጡ፤ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ሽማግሌ ሰባት ሰው ነበር፣ መሪዎቹ ሼህ አብዱልሐሊምና አቶ በላይ ናቸው። ዱዓ ተደረገ። አባባ የሰሙትንና ያዩትን ተናገሩ። ከዚያ ጁነይድ ተነሣ። ካሌንደሩን ከጋቢው ሥር አወጣና ጥቅምትን ገልጦ መሬት ላይ ዘረጋው።

"ነሐሴ 2015 ቆረጠ ነው የምባለው" አለ። "ይኸው ኅዳር 2016 ወይራው ቆሟል። የተነሳበት ወር ተጽፏል። እኔ ያኔ ሰመራ ነኝ፤ አገር ያውቃል። አሁን ዛፉ ከሌለ፣ ከኅዳር ወዲህ ጠባቂው የት ነበሩ? ለማን ሸጡት?"

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ በላይ ስሜን ጮክ ብለው አነበቡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር።

ሼህ አብዱልሐሊም አባባን "ኡበይደላ፣ ይህ የልጅህ ሥራ ነው?" አሏቸው።

"የልጄ ነው።"

"ልጅህ ሐሰት ትሠራለች?"

አባባ ዞር ብለው አዩኝ። መቼም አይቼው የማላውቀው አስተያየት ነው። ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ ሁሉም ያልቅ ነበር።

"ልጄ አትዋሽም" አሉ።

በሐሰት ከሰሃል ተባሉ። ሥርዓቱን ያውቁታል፤ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው ጁነይድን ይቅርታ ጠየቁት። እሱም ቆሞ ትንሽ ቆይቶ ነው ይቅር ያላቸው። ደኑን ከእጃቸው ወሰዱት። ጠባቂ እስኪመረጥ የጁነይድ የአጎት ልጅ ይያዘው ተባለ።

እስከ ዛሬ ስለ ፎቶው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። አልተቆጡም፤ ከበፊቱ ይልቅ ለስለስ ብለዋል፣ እሱ ነው የሚገድለኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። ምን ላድርግ አጎቴ?

ናጅዋ


ሻርጃ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለናጅዋ

አላህ በዚህ በተከበረ ወር ለሁላችንም ይቅር ይበለን። ደብዳቤሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዛሬ አፍጥሬ ስነሣ ደረሰኝ። ይህንን የምጽፍልሽ ዓይኔ ስለማይበረታ በየመሀሉ እያረፍሁ ነው።

አንቺ ብቻ የበደልሽ መስሎሽ ብቻሽን አትቃጠዪ። እኔ አውቄ ነበር።

ሦስት ቀን አየሁት ብዬሽ የለ? በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ነው ያየሁት። ወደ ግራ ያጋደለ፣ አናቱ ላይ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ አለ። እሱ ቅርንጫፍ አራት ቦታ ቆሟል። አላህ አራት ዛፍ አንድ አድርጎ አይፈጥርም፤ እንዲህ የሚያደርገው እንደኔ ያለ ሰው ብቻ ነው። ይህ የዕለት እንጀራዬ ነው ልጄ፣ እንዴት ያመልጠኛል? ዋናውን ፋይል ላኪ ያልሁሽ ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት ነበር። የለም ስትዪኝ ዳግመኛ አልጠየቅሁም። ሾላውን ያድርጉት ብለሽ ስትለምኚኝም ለምን እንደምትለምኚኝ አውቄያለሁ።

ታዲያ ለምን አሳተምሁት? ስለወደድሁት ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ሐሰት ሳሳምር ኖሬ አንድ ቀን ለኔ የተሠራ መጣልኝ፤ አገሬ እንደተውኋት ቆማ። በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ እያልሁ እጽፍልሻለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከወጣሁ አልመለስም፣ ባዶ እጄንም መግባት አፈርሁ። ያንን ፎቶ እያየሁ ግን የገባሁ መሰለኝ። ወር ጨምሬበት፣ ስምሽን ጽፌበት ለጁነይድ እጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንቺ ለኔ ዓይን ብለሽ የሠራሽውን እኔ ለአገር ሁሉ ማስረጃ አደረግሁት።

ዛፍ እንዴት እንደሚነሳ ሳስተምርሽ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ። የሰው ፊት ላይ ጠባሳ ብታጠፊ ሰውየው ራሱ ያውቀዋል፣ መስተዋት አለው። ደን መስተዋት የለውም። ያጠፋሽለትን መልሶ የሚናገርለት የለም።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ልኬያለሁ። አንደኛው ፎቶው ነው፤ በትልቁ አትሜ አራቱን ቦታዎች በቀይ ከብቤያቸዋለሁ፣ ሕፃንም ያየዋል። ሁለተኛው ለአበጋሮቹ የጻፍሁት ምስክርነት ነው፤ ሙያዬን ገልጬ፣ ፎቶው የተለጠፈ መሆኑን እያወቅሁ ማሳተሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት አንብቢው። አንቺም የራስሽን ተናገሪ፤ ያስፈራል፣ ግን የወንድሜ ስም በኛ ምክንያት እንደወደቀ አይቅር። ስማቸው ሲነሣ ድንጋዩም ከላያቸው ይወርዳል።

ሚስባህ


መርሳ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሚስባህ

አላህ ካሉበት በሰላም ያቆይዎ። እኛ በሕይወት አለን።

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ለአባባ ሳልነግራቸው ሼህ አብዱልሐሊም ጋ ሄድሁ፤ አስቀድሜ ብነግራቸው ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሚያዝያ 25 ቀን አበጋሮቹ ተጠሩ፤ ጁነይድም መጣ። የአንቱን ደብዳቤ አነበብሁ፣ የራሴንም ተናገርሁ። አቶ በላይ ሁለት ጊዜ "ቀስ ብለሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ፎቶውን ዘርግተው ቀይ ክቦቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ጁነይድ በሼህ ዓሪፍ መቃብር ላይ እንዲምል ታዘዘ። መቃብሩ በር ድረስ ሄዶ ጫማውን አወለቀ፣ ከዚያ ግን አልገባም። ተመልሶ መጥቶ "ቆርጫለሁ" አለ።

መርሳ ውስጥ ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ውርጌሳ ይዤው የነበረ ሠርግ ተሰርዟል። እየሩሳሌም አላባረረችኝም፤ ነገር ግን አንድ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ገብቶ እኔ መሆኔን ሲያውቅ "ሌላ ሰው የለም?" አላት። ይህንን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ይገባኛል።

በማግስቱ ሰባቱም ሽማግሌዎች አባባን ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። አባባ ግቢው ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ሼህ አብዱልሐሊም የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ የልጃቸውን ቃል፣ የአንቱን ደብዳቤ፣ የጁነይድን ነገር። "ስምህ ነጽቷል፤ አደራህን ተቀበል" አሏቸው። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። አሁን ያነሡኛል፣ አሁን ቀና ብለው ያዩኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አባባ "ይህንን እኔም አውቅ ነበር" አሉ።

ሼሁ አልገባቸውም። "ምኑን?"

"ካሌንደሩን ያመጣች ቀን ነው ያወቅሁት። እነዚያን ወይራዎች በየስማቸው አውቃቸዋለሁ። የሌለ ዛፍ ቆሞ ሳይ ይጠፋኛል? ለኔ ብላ እንደሠራችውም አውቄያለሁ። ጁነይድ ያንን ወረቀት ሲዘረጋ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ልጄ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሐሰተኛ ልትባል ነው። ገና ልጅ ናት፤ የምትበላበት ሙያዋ ነው። ድንጋዩን እኔ ልሸከመው አልሁ። አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል አልሁ።"

አቶ በላይ አንገታቸውን ደፉ። አባባ ወደ ጓዳው በር አልዞሩም።

"ልጅህ ትዋሻለች ወይ ተብዬ ስጠየቅ ዱዓ ተደርጎ ነበር" አሉ። "አትዋሽም አልሁ። እያወቅሁ ነው ያልሁት። እናንተም ዛሬ አወቃችሁ። በዱዓ ፊት የዋሸ ሰው የሼህ ዓሪፍን ደን አይጠብቅም። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ለመኗቸው። ሼሁ እጃቸውን ሊስሟቸው ጎንበስ አሉ። አባባ ከለከሏቸው፤ በትሕትና ነው፣ ግን እምቢ አሉ። ሲሄዱ እኔ በር ከፈትሁላቸው። ከዚያ ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ምንም አልወቀሱኝም። እግራቸውን እንዳነሳላቸው ጠየቁኝ፤ አንሥቼ ትራስ አደረግሁበት።

አንቱ ስማቸው ሲነሣ ድንጋዩ ከላያቸው ይወርዳል ብለውኝ ነበር። እኔም አምኜዎት ነበር። ድንጋዩን ወደው ለኔ እንደተሸከሙት ሁለታችንም አላወቅንም።

የጁነይድ የአጎት ልጅ ተሽሯል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰው ጠይቀው ሦስቱም ከኡበይደላ ቀጥሎ አንይዝም አሉ። ትናንት ላይኛው ጎን ወጥቼ ነበር፤ ካሜራ አልያዝሁም። ከቆሙት ላይ አዲስ የተቆረጠ አየሁ፣ ጉቶው ገና እርጥብ ነው። ለማን እንደምናገር አላውቅም። ደኑ ጠባቂ የለውም።

ናጅዋ